ወረቀቱ ያላለው

ከፕሪንተር ትኩሱን የሚወጣ ወረቀት የራሱ ሽታ አለው። ባለፈው ሳምንት አምስት ኪሎ አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት ገብቼ፣ ትምህርት ቤት ቆሜ የማነበውን ጽሑፍ ሳሳትም ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ እግሬ እዚያው ቆሞ ልቤ ቁልቁል ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት። የአማርኛ መምህራችን በክፍሉ ሁሉ ፊት «ይህቺ ልጅ መጻፍ ታውቅበታለች» ካሉኝ ወዲህ፣ መንገድ ላይ እንኳ ዓረፍተ ነገር እያላመጥኩ ነው የምሄደው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያማረ ቃል ሲመጣልኝ ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ፤ ሰው «ምን ነክቷት ነው?» እያለ ያየኛል። ሁለተኛው ገጽ እየወጣ ሳለ ታዲያ ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። አጭር፣ ደረቅ፣ «አትነቃነቅ፣ ላነሳህ ነው» የሚል የፎቶ አንሺ ሳል። ዞር ሳልል አወቅኳቸው። ጋሽ ወልዴ ናቸው። እኔ ሳልነግራቸው በቀረሁት አንድ ነገር ምክንያት እሳቸውና አጎቴ ሰላምታ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። «ባገኛቸው እነግራቸዋለሁ» እያልኩ የኖርኩትን ሰው ሳገኛቸው ያደረግኩት ነገር፣ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ፊቴን ወደ ግድግዳው ማዞር ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። «በእኛ ጊዜ» ስል ሰው ሙድ ይይዝብኛል። ይያዝ። ያደግኩበትን በር፣ በሩ የነበረበትን ግድግዳ፣ ግድግዳው የቆመበትን ቁልቁለት ላሳያችሁ ብዬ ዛሬ ብወስዳችሁ፣ የማሳያችሁ ሰፊ አስፋልትና ተርታውን የተተከለ ዘንባባ ነው። ሰፈሩ ከሱ ቀድሞ የሞተበት ሰው ዕድሜው ስንት ነው ይባላል? ስለዚህ በእኛ ጊዜ እላለሁ። በእኛ ጊዜ ከፒያሳ ወደ ድልድዩ ስትወርዱ በስተግራ አንድ ረድፍ ሱቅ ነበር፤ ጣሪያው አንድ፣ ቆርቆሮው የተለያየ፤ ዝናብ ሲመጣ እያንዳንዱ ሱቅ በየራሱ ድምፅ ይጮኻል። የመጀመሪያው የአጎቴ የጀማል ኮምፒውተር ቤት ነበር፤ ቀጥሎ ማመልከቻ የሚጽፉት የእትዬ ብርቄ፤ ከዚያ የጋሽ ወልዴ ፎቶ ቤት። ቦምቦሊኖ አምስት ብር ነበር፤ ስኳር የተነሰነሰበት ስድስት። አንድ ገጽ ማሳተም ሦስት ብር። ከፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤት ጠዋት በሩን የሚከፍተው በአንድ ያረጀ ትዝታ ነበር፤ ባለቤቱ ሌላ ዘፈን የሌለው እስኪመስለን። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲመጡ ግን ድምፁን ለቀው ጭፈራ ያፈነዱታል። ይኼኔ እትዬ ብርቄ በመስኮት ብቅ ይላሉ። «አንተ ልጅ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ እየጻፍኩ ነው፤ ዳኛውን እስክስታ ላስወርደው?»

ጋሽ ወልዴ ቤት ሚስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ከነክራቫቱ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ክራቫቱ አንዴ ታስሮ ያለቀለት ነው፤ ከኋላ በላስቲክ ይጠለቃል። ለመታወቂያም፣ ለፓስፖርትም፣ ለሥራ ማመልከቻም የሚነሳ የሰፈራችን ወንድ ሁሉ ያንን ኮት ነው የሚለብሰው። ቀጭን ከሆነ ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ ይያዝለታል። ወፍራም ከሆነ ቁልፉ ክፍት ሆኖ ከደረት በላይ ይነሳል። አባትና ልጅ፣ ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ኢማሙና ዲያቆኑ በአንድ ኮት ሲነሱ ኖሩ። እትዬ ብርቄ ማመልከቻው ላይ ፎቶ በለጠፉ ቁጥር «ይሄ ኮት ስንት ቦታ ሥራ ጠይቆ ስንት ቦታ ተከለከለ» ይሉ ነበር።

አጎቴ ጀማል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ወሎዬ ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ቀስ ብሎ ይጠግናል። ሰው «ሞቷል» ብሎ የጣለውን ኮምፒውተር ያነሳና ውስጡን ጠርጎ ነፃውን ሲስተም ይጭንበታል። ነፃው ነው የምንለው፤ ሊኑክስ ከሚባለው ወገን ነው። ባለቤት የለውም፤ ወይም ሁሉም ባለቤቱ ነው። በዓለም ዙሪያ የተበተኑ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ከሥራ ሲመለሱ እየተጠራሩ ይጽፉታል፣ ይጠግኑታል፣ ለፈለገ ሁሉ እንዲሁ ይሰጡታል። አጎቴ ይህን ለእትዬ ብርቄ ሲያስረዳቸው «ደቦ በሉት» አላቸው። «ደቦ ካለማ ድግስ አለ። ጠላው የት ነው?» አሉት።

ከእነዚያ ሰዎች በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ ረጅም ኢሜይል ይመጣል። ግማሹ የደኅንነት ነገር ነው፤ እዚህ ጋ ቀዳዳ ተገኝቷል፣ ሌባ ሊገባበት ይችላል፣ መድፈኛው ይኸውላችሁ ይላል። ግማሹ ደግሞ የማኅበሩ ወሬ ነው፤ እገሌ ለስክሪኑ አዲስ ሥዕል ሣለ፣ እገሊት በአገሯ ቋንቋ ተረጎመችው፣ ዘመኑን ሙሉ ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ አንድ ሽማግሌ ዓይኑ ደክሞ ተሰናበተ። አጎቴ የደኅንነቱን ክፍል ነበር የሚወደው። እኔ ወሬውን።

አንድ ጊዜ፣ እኔ ገና ትንሽ ሳለሁ፣ አፕዴት የተደረገ ዕለት የእትዬ ብርቄ የአማርኛ ፊደል ጠፋ። የአንዲት ባልቴት የውርስ አቤቱታ ሲያትሙ ሦስት ገጽ ሙሉ ባዶ ሣጥን በሣጥን ሆኖ ወጣ። ባልቴቷ ወረቀቱን አገላብጠው አይተው «የእኔን ነገር አሳጠርሽው እንዴ?» አሉ። ያን ጊዜ አጎቴ የረድፉን ማሽኖች ሁሉ በራሳቸው እንዳይታደሱ ዘጋቸውና ሕግ አወጣ። አፕዴቱን መጀመሪያ እሱ በራሱ ማሽን ይሞክረዋል። ደህና ከሆነ ሐሙስ ከሰዓት በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ይጽፈዋል። ወረቀቱ በየሱቁ ይታደላል፤ አፕዴቱ ደግሞ በአንድ ፍላሽ ከሱቅ ሱቅ እንደ ማኅበር ጽዋ ይዞራል፤ ኢንተርኔት ውድ ስለነበር የሚወርደው አንዴ ብቻ ነው። ወረቀቱ «አድሱ» ያለውን ያድሳሉ። ያላለውን አይነኩም። ሕጉ ይኸው ነበር። ሰዉም ሕጉን ከልቡ ያዘው፤ ስክሪኑ ላይ አንዳች ነገር ብልጭ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ወረቀቱ ምን ይላል?» ነበር። መብራት ሲጠፋ እንኳ ይጠየቅ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ወረቀቱን የመጻፍ ሥራ ወደ እኔ መጣ። አጎቴ የሚለውን እጽፋለሁ፣ እሱ አንብቦ ያትመዋል። መጀመሪያ እንዳለኝ ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ፈታ አለ። ዓይኑ ስለደከመው ሽማግሌ ስጽፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርኩ፤ «የሰው ቤት ሲጠብቅ የራሱ መብራት ደከመ» ብዬ። እትዬ ብርቄ መነጽራቸውን አውልቀው «ሐያትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ልጆች አሉት?» ሲሉኝ፣ የማያውቁት ፈረንጅ ለቅሶ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። አቤት የዚያን ቀን ደስታዬ። ቃል ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ዕቃ እንደሚያንቀሳቅስ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቀስ በቀስ የሩቁን ማኅበር ወሬ ከሰፈራችን ወሬ ጋር ማጋባት ጀመርኩ፤ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ድመት የማን ፕሪንተር ውስጥ ተኛች። ሰዉ ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረ። አጎቴ «ሐያት፣ ቀዳዳው ከላይ ይሁን፣ ድመቷ ከታች» ይለኝ ነበር። ይስቅ ነበር እንጂ አይቆጣም።

ያኔ መንገዱ ሊሰፋ ነው የሚለው ወሬ ወሬነቱ ቀረና ከድልድዩ በኩል ያሉት ቤቶች መነሳት ጀመሩ። ሰው ዕቃውን እየጫነ ወደማያውቀው ሰፈር ይሄዳል። ጋሽ ወልዴ ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ካሜራቸውን ይዘው በየግቢው ይዞሩ ጀመር። ቤተሰቡን እንዳለ አውጥተው፣ ከሕፃኑ እስከ አያቱ፣ በራቸው ፊት ያቆሙና ያነሷቸዋል። «ቤቱን መጫን አትችሉም፤ በራችሁን ግን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ» ነበር የሚሏቸው። አንድ ሳንቲም አልተቀበሉም። ሥራው ሲያልቅ አንድ ላይ አትመው ለየሰዉ ሊሰጡ፣ ፎቶውን ሁሉ ኮምፒውተራቸው ላይ ይገለብጡና የካሜራውን ለነገ ቦታ እንዲለቅ ያጠፉታል። ከኮምፒውተሩ ጀርባ መጠባበቂያ ብለው የገዙት ሃርድ ዲስክ አለ፤ እሱም ሌት ተቀን እዚያው እንደተሰካ ነው። የእኛንም አንስተውናል። እናቴ የበሩን መዝጊያ በእጇ ይዛ ነበር የቆመችው።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ደሴ ለቅሶ ደረሰበት። የአባቱ ወንድም ሞተው ነው። ሲሄድ «ሞክሪው፤ ካልተበላሸ ጻፊው፤ አትሚው። ትችያለሽ» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ «ትችያለሽ» የምትለዋን ቃል ይዤ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ አደርኩ። ረቡዕ ኢሜይሉ መጣ። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ በቀይ ተጽፏል። ፋይል ለጎረቤት የሚያጋራው ክፍል ውስጥ ትልቅ ቀዳዳ ተገኝቷል፤ ሌባ የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው ይገባበታል፤ ፋይል የምታጋሩ ሁሉ ዛሬውኑ አድሱ ይላል። አወረድኩት፣ በአጎቴ ማሽን ሞከርኩት፣ ምንም አልሆነም። ፊደሉም አልጠፋ። ጻፍኩት። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ያን ሳምንት ለሰፈሩ ወሬ ስለ ጋሽ ወልዴ ኮት ጽፌ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። ኮቱ የሄደበትን መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የተቆነጠጠባቸውን ጀርባዎች ሁሉ ዘርዝሬ፣ «የሰፈራችን ወንድ በየተራ የሚገባበት አንድ ቤት፤ ይህን ማንም አያፈርሰውም» ብዬ ጨረስኩት። ጨርሼ አነበብኩትና ተነስቼ ሱቁን ዞርኩ። ግን ከአንድ ገጽ ተረፈ። ሕጉ አንድ ገጽ ነው። ፊደሉን አሳነስኩ፣ አልገባም። ከኮቱ ላይ ሁለት መስመር ቆረጥኩ፣ አመመኝና መለስኩት። ከዚያ ቀዩን ቀዳዳ አየሁት። አራት መስመር ነው። በረድፉ ፋይል የሚያጋራ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ከጎን ሱቅ ሆነው የባለጉዳዩን ፎቶ ማመልከቻው ላይ እንዲከቱ ብለው ፎልደራቸውን የከፈቱላቸው ጋሽ ወልዴ። እና እንዲህ አሰብኩ፦ ለአንድ ሰው ብዬ የሁሉንም ገጽ ለምን አጣብባለሁ? ወረቀቱን ስሰጣቸው በአፌ እነግራቸዋለሁ። አራቱን መስመር አወጣሁ። ኮቱ ልክ ገባ።

ሐሙስ ከሰዓት ወረቀቱን ይዤ ጋሽ ወልዴ ቤት ገባሁ። ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ እያነበቡ ተቀመጡ። ሲጨርሱ ወደ ሚስማሩ አዩ። ከዚያ «ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው? ጀማል አላገዘሽም?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ነይ እስቲ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። አንድ የሰርግ ፎቶ ከፍሬሙ አወጡና «ሙሽሮቹ ከተፋቱ ቆይቷል» ብለው በምትኩ የእኔን ወረቀት ከተቱ፤ ከካሜራው ፊት ለፊት፣ የሚነሳ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ሰቀሉት። እትዬ ብርቄ መጥተው ጮክ ብለው አነበቡት። መንገድ ላይ የነበሩት ገቡ። አንዱ «እኔም በዚህ ኮት ነው ዲቪ የሞላሁት» አለ፤ ሌላው «ለዚያ ነዋ ያልደረሰህ» አለው። እንዲህ ስንሳሳቅ ዋልን። ቀዳዳውን አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው ፈርቼ ወይም ሰንፌ ቢሆን ዛሬ እንዲህ አይከብደኝም ነበር። ከደስታዬ ብዛት ረሳሁት።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ብርቄ ናቸው መጀመሪያ ያዩት። ፎቶ ሊያመጡ ፎልደሩን ሲከፍቱ የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተለውጦ የማይነበብ ሆኗል። «ወልዴ፣ ፎቶዎችህን ምን ስም አወጣህላቸው?» ብለው በግድግዳው አሻግረው ጮሁ። ጋሽ ወልዴ አንዱን ሊከፍቱ ሞከሩ፤ አይከፈትም። ሌላውን፤ እሱም። ስክሪኑ መሃል ላይ አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አለ፤ እኔ ነኝ ተጠርቼ ያነበብኩላቸው። ተቆልፏል፣ ቁልፉን ከፈለጋችሁ በዶላር ክፈሉ ይላል። ከጀርባ የተሰካውን ዲስክ ከፈትነው። እሱም ተቆልፏል። የረድፉ ዋይፋይ የይለፍ ቃል በየግድግዳው ተለጥፎ ስለነበር፣ ሌባው ከየትኛው ደንበኛ ማሽን ላይ እንደተሻገረ ማንም አላወቀም። ጋሽ ወልዴ «እሺ፣ እንደገና አነሳቸዋለሁ» አሉና ካሜራቸውን አንስተው እስከ በሩ ሄዱ። በሩ ላይ ቆሙ። ከድልድዩ በኩል ያሉት በሮች አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ አልነበሩም።

አጎቴ ረቡዕ ከደሴ ገባ። የጉዞ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ የጋሽ ወልዴን ማሽን አየው፤ ከዚያ ኢሜይሉን አነበበ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበ። ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ሲያነብ ግን ጣቱ ኮቱ የሚጀምርበት መስመር ላይ ትንሽ ቆመ። ገብቶታል።

«ጀማል፣ ይሄ ቀዳዳ ይታወቅ ነበር?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ይታወቅ ነበር፣ ጋሽ ወልዴ።»

«መድፈኛውስ ነበረው?»

«ፍላሹ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ወረቀቱ ለምን አላለም?»

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። አጎቴ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ ይቆይ ያልኳት። ደሴ ደውላ ጠይቃኝ፣ እኔ እስክመጣ ይቆይ አልኳት» አለ። እኔ ደሴ አልደወልኩም።

ጋሽ ወልዴ ከማሽኑ ፊት ተነሱ። «እኔ የምነካውን የምነካው አንተን አምኜ ነው» አሉ። «የሰው በር ነበር በእጄ ያለው።» እትዬ ብርቄ «ወልዴ፣ ተው፣ ሐዘን ላይ ነው» ሊሉ ጀመሩና ተዉት። አጎቴ ቦርሳውን እንደያዘ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ሱቅ መሃላቸው አድርገው፣ ረድፉ እስኪፈርስ ድረስ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። አጎቴ ሲያልፍ ሰላም ይላል፤ እሳቸው ሌንስ ይወለውላሉ።

ያን ቀን ማታ አጎቴ ላይ አለቀስኩበት። «ለምን ዋሸህ?» አልኩት።

«አንቺ ይህን ተሸክመሽ ስምሽ እየተነሳ አትኖሪም። እኔ ትከሻ አለኝ» አለኝ። «ደግሞ ሁሉን አልዋሸሁም። ማሽኑ ራሱን እንዳያድስ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰፈር ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ «ኮቱ ግን ጥሩ ነው የጻፍሽው» አለ። ይቺን ባይላት ይሻለኝ ነበር።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ተበተንን። አጎቴ አሁን አንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ይሠራል። ነፃው ሲስተም አሁንም አለው፤ ማሽኖቹ ግን ማንንም ሳይጠይቁ ራሳቸውን ያድሳሉ፣ ወረቀት የለም። ማኪያቶ ስንት እንደገባ አልነግራችሁም። ለሰርግ፣ ለሐዘን የድሮ ሰፈር ሰው ሲገናኝ አጎቴ ከሩቅ ይቀመጣል። አንዳንዱ በግልጽ «የበራችንን ፎቶ አስበላኸን» ይለዋል። እሱ «አዎ» ይላል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ።

እና ኮፒ ቤቱ ውስጥ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንደቆምኩ፣ የምታትመው ልጅ ፋይሉ ላይ ያለውን ስም አይታ «ሐያት! አራቱም ገጽ ወጥቷል» ብላ ተጣራች።

«ሐያት?» አሉ ከኋላዬ። «የጀማል ሐያት?»

ዞርኩ። ከስተዋል። የጡረታ ወረቀት ኮፒ ሊያስደርጉ ነበር የመጡት። ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ አጎቴ አልጠየቁኝም። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አይተው «አሁንም ትጽፊያለሽ?» አሉኝ፤ መልሴን ሳይጠብቁ «ያቺን የኮቷን ወረቀት እኮ ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት አወረድኳት። ልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ ናት። እንግዳ ሲመጣ አስነብባለሁ» አሉ። በኩራት ነው ያሉት። በእኔ ኮርተው።

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሽ ወልዴ፣ ይቆይ ያለው አጎቴ አይደለም። ደሴ አልደወልኩለትም። ስለ ቀዳዳው የሚለው ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ኮቱ አልገባ ሲለኝ እኔ ነኝ ያወጣሁት። በአፌ ልነግርዎት ነበር። ደስ ሲልዎት ደስ አለኝና ረሳሁት» አልኳቸው። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ወጣ። የምታትመው ልጅ እጇ ማሽኑ ላይ እንዳለ ቀረች።

ጋሽ ወልዴ የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ጀማል ያውቃል?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እና ያን ሁሉ ጊዜ ፊቴን ሳዞርበት ዝም አለ?»

«ዝም አለ።»

ኮፒ ሊደረግ ያመጡትን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ደጋግመው አስተካከሉት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። «ሰዉ ያገኘኛል» አሉ። «ሥላሴ ቀብር ላይ እንኳ ያገኘኛል። ‹ጋሽ ወልዴ፣ ያቺ የበራችን ፎቶ› ይለኛል። ‹ጀማልን ጠይቁ› እላለሁ እኔ። ስንት ሰው ፊት የልጁን ስም አነሳሁ መሰለሽ። እኔ ጋ ነግረሽኝ ቀለለሽ፤ እሺ። ጀማል ጋ እኔ ራሴ እደውላለሁ፣ እሱ የእኔ ድርሻ ነው። እነዚያንስ ማን ይንገራቸው?»

«ምን ላድርግ?»

«ትጽፊ የለ? ጻፊው።» ተነስተው ወረቀታቸውን ለልጅቷ ሰጡ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «አሳምረሽ አትጻፊው» አሉኝ።

ደውለው እንደሆነ አጎቴን አልጠየቅኩትም። ይህን ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ አታዩትም እንጂ ያወጣሁት ያማረ ነገር ብዙ ነው። ሲመጣልኝ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ደስታው አልተወኝም፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የቀረው ይህ ነው። ከድልድዩ በላይ ባለው ቁልቁለት ትኖሩ የነበራችሁ፣ ጋሽ ወልዴ በበራችሁ ፊት አቁመው ያነሷችሁ ሰዎች፦ ፎቶው የለም፤ አይመለስም። ጀማል ይቆይ አላለም። ጋሽ ወልዴም አልተዘናጉም፤ ወረቀቱ ያላቸውን ሁሉ አድርገዋል። መስመሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ።